አሲድ በመኪና ሲጫን፦ ተረቱና እውነታው

«አሲድ የፈሰሰበትን ሰው ውሃ አታስነኩት፣ ይብስበታል!» ይህ ምክር ዓይን ያጠፋል። መነሻው ትምህርት ቤት የተማርነው ሕግ ነው፦ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ። ሕጉ ትክክል ነው፤ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ጥቂት ውሃ ሲገባ በድንገት ፈልቶ ይረጫል። ገላ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሲዱ ጥቂት፣ ውሃው ብዙ ነው። የሚወርድ ውሃ አሲዱንም ሙቀቱንም ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ልብሱን እያወለቁ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። «ያመክነዋል» ብሎ ሶዳ መነስነስ ሌላ ሙቀት ይፈጥራል፣ ውድ ጊዜም ይበላል።

«ኮስቲክ ሶዳ የሳሙና መሥሪያ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ ከአሲድ ይከፋል። አሲድ ሥጋን አድርቆ ቅርፊት ስለሚሠራ ራሱን በከፊል ይገታል፤ ኮስቲክ ግን ስቡን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ሕመሙም ሊዘገይ ይችላል። ደረቁ ዱቄት ከነካችሁ መጀመሪያ አራግፉት፣ ከዚያ ታጠቡ።

«ጀሪካኑ እስካልፈሰሰ ችግር የለም» የሚባለውስ? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ቢሞላበት ግን ወደ 37 ኪሎ ይጠጋል። ለዘይት የተሠራ ጀሪካን በላዩ ሌላ ተደርቦበት በኮረኮንች መንገድ ሲናጥ ታችኛው ይሰነጠቃል። የፈሰሰው አሲድ በዝናብ ሲቀጥን ደግሞ የመኪናውን ብረት እየበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል፤ ለዚህ ጋዝ አንዲት የሲጋራ ፍም ትበቃዋለች። አሲዱ አጠገቡ ከተጫነ በረኪና ጋር ከተቀላቀለ የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ግንባር ላይ ወታደሮችን የፈጀው ያው ጋዝ።

«የሚጎዳው የነካውን ብቻ ነው» ማለትም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2023 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ በቱሰን አቅራቢያ ናይትሪክ አሲድ የጫነ መኪና አደጋ ደርሶበት ሹፌሩ ሞተ፤ ጭሱ ስለተሰራጨ በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ከቤት እንዳይወጡ ታዘዙ።

ላይኛው ግማሹ ነጭ፣ ታችኛው ጥቁር የሆነ፣ እጅና ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ የተሳለበትና 8 ቁጥር ያለው ምልክት ካያችሁ ራቁ። ሹፌሮችና ረዳቶች፣ አሲድ ከተሳፋሪ ጋር አትጫኑ፤ በቂ ንጹሕ ውሃም ከመኪናችሁ አይጥፋ።