አሮጌው ፕሪንተር ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ቢለወጥ ያዋጣል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የፕሪንተር ንግድን ሂሳብ ማወቅ የሚሻ ሰው ከመሣሪያው ሳይሆን ከቀለሙ መጀመር ይኖርበታል። ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ያቀረበው ዴስክጄት 1,000 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዶላር በታች የሚሸጡ ኢንክጄት ፕሪንተሮች ሲበረክቱ፣ አምራቾች ትርፋቸውን ወደ ቀለሙ አዛወሩት። መሣሪያው በርካሽ ይሸጣል፤ ገዢው ግን ጥቂት ሚሊ ሊትር የምትይዝ ካርትሪጅ እየደጋገመ ሲገዛ ይኖራል።

ይህ ሂሳብ ለአገራችን ፎቶ ቤቶች የበለጠ የከበደው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ በሳምንታት ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር 100 ብርን ተሻግሯል። ቀለሙም፣ ወረቀቱም፣ መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ጭማሪው የማይነካው ነገር የለም። በመሆኑም ጥግ ላይ የተቀመጠውን አሮጌ ፕሪንተር ጠግኖ ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ማዋል ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ነው።

ጥቁርና ነጭ ለምን ይበላሻል?

ተራው የቀለም ፕሪንተር ግራጫን የሚያወጣው ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫን በማደባለቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ በጥቂቱ ሲያንስ ወይም ሲበዛ ፎቶው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል። በሱቁ መብራት ደህና መስሎ የታየው ፎቶ በፀሐይ ብርሃን ሌላ መልክ የሚይዝበት ጊዜም አለ። በጥቁር ቀለም ብቻ ቢታተም ደግሞ በፊት ላይና በሰማይ ላይ ነጠብጣቡ ለዓይን ይታያል። ውጤቱ ያው ነው፤ ደንበኛው ፎቶውን ይዞ ይመለሳል፣ ወረቀቱና ቀለሙ ኪሣራ ይሆናል።

መፍትሔው ግራጫን ከማደባለቅ ይልቅ ግራጫን ራሱን መሙላት ነው። በስድስቱ የቀለም ቦታዎች አንድ ሙሉ ጥቁርና በየደረጃው የቀጠኑ አምስት ግራጫዎች ይገባሉ። አሜሪካዊው ጆን ኮን ፒዞግራፊ የተሰኘውን አሠራር ለፎቶ ባለሙያዎች ያቀረበው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሮይ ሃሪንግተን የሠራው ኳድቶን ሪፕ የተባለ ሶፍትዌር ደግሞ ከየቀዳዳው ምን ያህል ቀለም እንደሚወጣ ይወስናል። ኤፕሰንም ፍላጎቱን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው አር 2400 ፕሪንተሩ ጥቁርን በሦስት ደረጃ ከፍሎ አቅርቧል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ኤፕሰን የሆነበት ምክንያት አለው። የካኖንና የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ቀለሙን አሙቀው በአረፋ ሲገፉት፣ ኤፕሰን በኤሌክትሪክ በሚንቀሳቀስ ክሪስታል ይገፋዋል። ሙቀት ስለሌለው ልዩ ልዩ ቀለም ይቀበላል። ጉዳቱ ግን ሄዱ ከካርትሪጁ ጋር የሚጣል ሳይሆን የመሣሪያው አካል መሆኑ ነው። ሄዱ ከሞተ መለወጫው የፕሪንተሩን ዋጋ ሊያክል ይችላል።

አሮጌ የሚገዛ ምን ይመርምር?

አንደኛ፣ የቀዳዳዎች መፈተሻ ገጽ ያሳትም፤ ሃያ ገጽ ካተመ በኋላም ይድገመው። በሁለቱም ጊዜ በአንድ ቦታ የሚጎድል መስመር የተደፈነ ወይም የሞተ ቀዳዳ ምልክት ነው። ቦታውን የሚቀያይር ጉድለት ግን ብዙውን ጊዜ አየር የገባበትን የቀለም መስመር ያመለክታል፤ ይህ ይድናል።

ሁለተኛ፣ የተደፈነ ሄድ ሲገጥመው የማጽጃውን ትእዛዝ አሥር ጊዜ አይጫን። እያንዳንዱ ጽዳት ውድ ቀለም ያፈሳል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ በማጽጃ ፈሳሽ የራሰ ለስላሳ ወረቀት ከሄዱ ሥር አድርጎ ማሳደር ይሻላል። በመርፌ በኃይል መግፋት ሄዱን ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛ፣ የፈሰሰውን ቀለም የሚመጠውን ስፖንጅ ይመልከት። ቆጣሪው ሲሞላ ፕሪንተሩ መሥራት ያቆማል። ቆጣሪውን በሶፍትዌር ብቻ ወደ ዜሮ መልሶ «ጠግኜዋለሁ» የሚል ሻጭ ስፖንጁን ካልለወጠ ቀለሙ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል።

ሂሳቡ

ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። 12 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ካርትሪጅ በ600 ብር ቢገዛ አንዱ ሚሊ ሊትር 50 ብር ይሆናል። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ1,000 ብር ቢገኝ ግን 10 ብር ነው። አንድ ፎቶ 1 ሚሊ ሊትር ቢፈጅ ትርፉ 40 ብር ይሆናል ማለት ነው። የሚሞሉ ካርትሪጆች፣ ማጽጃ፣ ሶፍትዌርና ለሙከራ የሚባክን ወረቀት 8,000 ብር ቢፈጁ ወጪው የሚመለሰው በ200 ፎቶ ነው። በወር 20 ፎቶ ለሚያትም አሥር ወር ይፈጅበታል። በዚህ ላይ ስድስቱ ጠርሙሶች 6,000 ብር ይዘው ይቀመጣሉ። ሄዱ በስምንተኛው ወር ቢሞትስ? የስሌቱ ዋና ሥጋት ይህ ነው።

መብራት መቋረጥም ከሂሳቡ ውጭ አይደለም። በሥራ ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ፕሪንተር ሄዱ ክዳኑ ላይ ሳያርፍ ይቆማል፤ ቀለሙም ቀዳዳው ላይ ይደርቃል። የመብራት መጠባበቂያ ዩፒኤስ የሌለው ሰው ይህን ወጪ ይጨምር።

አስመጪዎችስ?

የሚሞላ ካርትሪጅ ማስመጣት ለሚያስቡ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በሌክስማርክና በኢምፕሬሽን ፕሮዳክትስ መካከል የሰጠው ውሳኔ ትምህርት አለው። ክርክሩ በሌዘር ፕሪንተር የቶነር ካርትሪጅ ላይ ቢሆንም፣ ፍርድ ቤቱ አምራቹ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ የፓተንት መብቱ በዚያ ዕቃ ላይ ያበቃል ብሏል። ውሳኔው የሚገዛው አሜሪካን ነው። ካርትሪጁ ላይ ያለውን ቺፕ ግን የሚከፍት ፍርድ የለም፤ ሞዴሉ የሚሞላ ካርትሪጅ የሚቀበል መሆኑን ሳያጣሩ ዕቃ ማዘዝ ገንዘብ መበተን ነው። ኤፕሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ በጠርሙስ የሚሞላ ፕሪንተር መሸጥ መጀመሩም መታወስ አለበት። ገዢው ከአምራቹ ራሱ ርካሽ ቀለም ሲያገኝ የሚሞላ ካርትሪጅ አቅራቢው ገበያ ይጠባል።

በአጠቃላይ፣ ሄዱ ጤነኛ የሆነ ፕሪንተር በእጁ ያለ፣ ለቀለም ፎቶ ሌላ መሣሪያ ያለው፣ በየሳምንቱም ቋሚ የጥቁርና ነጭ ሥራ የሚያገኝ ፎቶ ቤት ቢለውጠው ያተርፋል። አንድ ፕሪንተር ብቻ ያለው ግን ግራጫ ቀለም በሞላበት ቀን የቀለም ፎቶ ደንበኞቹን እንደሚያሰናብት ይወቅ። ሥራው አልፎ አልፎ የሚመጣለትም ቀለሙ ቀዳዳው ላይ እየደረቀ ከሚያከስረው፣ ፎቶውን ወደ ለወጠው ሰው ወስዶ ቢያሳትም ይሻለዋል።