የሰሊጥ ወቅትና ትምህርተ ሃይማኖት

በአብደራፊና በመተማ ቆላ ዓመቱ የሚቆጠረው በሰሊጥ ነው፤ ለአረም ከደጋ የወረደው ጎልማሳ፣ አጨዳው ሲያልቅ ደመወዙን ቋጥሮ፣ አንዳንዱም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላዛር ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለሕፃናት በመዝሙርና በታሪክ፣ ለወጣቶች በጥያቄና በክርክር፣ ለጎልማሶች በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚሰጡት ትምህርት ግን፣ ምእመኑ ከልደት እስከ ሞት ከአንድ ጉባኤ የማይርቅ መስሎ የተሠራ በመሆኑ፣ እንዲህ ባለው የድንበር አገር አስቀድሞ የሚፈትነው ዕድሜ ሳይሆን ወቅት ነው።

ማርቲን ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. ትንሹን ካቴኪዝም በጥያቄና መልስ ሲያዘጋጅ፣ ዐሠርቱ ቃላትን፣ ጸሎተ ሃይማኖትንና አቡነ ዘበሰማያትን አባወራው ለቤተ ሰቡ እንዲያስተምር አስቦ ነበር፤ የእኛም ሊቃውንት አምስቱን አዕማደ ምስጢር ያስተማሩት በቃል በማስያዝ ስለሆነ፣ መንገዱ ለአገራችን ባይተዋር አይደለም። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ስለምታጠምቅ ትምህርቱ ጥምቀቱን ይከተላል፤ በቃለ ሕይወት፣ በሙሉ ወንጌልና በመሠረተ ክርስቶስ ግን ጥምቀት የአማኝ ስለሆነ ትምህርቱ ይቀድማል። በአንደኛው ልጁ የተቀበለውን እንዲረዳ፣ በሌላው ደግሞ ገና የሚቀበለውን እንዲመርጥ ይማራል፤ ስለዚህ የዕድሜ ክፍፍሉ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት የመጽሐፍ ቀለምና ሥዕል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ፣ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባሎቿ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ በ1983 ዓ.ም. 34 ሺህ ያህል ሆነው ተገኙ። የሰንበት ትምህርት ክፍል ባልነበረበት በዚያ ዘመን ትምህርቱ ወደ ጓዳ ገብቶ፣ አያት የምትሰማውን ቃል የልጅ ልጇም ከጎኗ ሆና ትሰማ ነበር፤ እኔም፣ የስደቱን መከራ ማወደስ እንዳይመስልብኝ እየፈራሁ፣ ለቆላው ጉባኤ የሚስማማው ይኸኛው ነው እላለሁ። ለነዋሪው ልጅ የዓመታት መርሐ ግብር ይገባዋል፤ በእርሻው ካምፕ ለሚያድረው ሠራተኛ ግን፣ ሰሊጡ ታጭዶ በሂላ (በነዶ ክምር) ከመቆሙ በፊት፣ ማታ በፋኖስ ዙሪያ፣ ቢያንስ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ሊያስይዘውና ትርጓሜዋን ሊያስረዳው የሚችል መምህር ያስፈልገዋል፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ መጽሐፍ ባይሸከም እንኳ፣ ያን ያህሉን ይዞ ደጋ ይወጣል።