ኮባ ብቻውን በግ አያወፍርም
በጌዴኦ ዞን በገደብ ወረዳ የቡና ለቀማው በሚጧጧፍበት በበጋው ወራት ዝናቡ ይቋረጣል፤ በየማሳው ዳርና በየመንገዱ የነበረው ሣርም ይደርቃል። ሕዝቡ በተጠጋጋበት፣ ሰፊ የግጦሽ መሬትም በሌለበት በዚህ አካባቢ በግ የሚረባው ደጅ ላይ በገመድ ታስሮ ነው። በመሆኑም በነዚህ ወራት ዋናው ቀለቡ ከጓሮ የሚቆረጠው ኮባና ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚተርፈው ተረፈ ምርት ይሆናል።

እንሰት በችግር ጊዜ የማይከዳ ባለውለታ መሆኑ አያጠራጥርም። አብዛኛው ክብደቱ ውኃ በመሆኑ ፀሐይ ላነደደው በግ ከመኖነቱ ሌላ ጥሙን ያስታግሥለታል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በጉ ሆዱ ይነፋል፤ ሲታይ የጠገበ ይመስላል፤ ነገር ግን እየከሳ ይሄዳል፤ እናቲቱም ለግልገሏ የሚበቃ ወተት ታጣለች። በ2010 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት ተፈናቅሎ ለተመለሰና ከብቱን ላጣ ቤተሰብ እንደገና ጥሪት የሚጀመረው ከአንዲት በግ ነውና ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በበጎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የእንሰት ክፍሎች በመኖነታቸው እኩል አይደሉም። ግንዱና አሚቾው ኃይል ሰጪ ቢሆኑም ፕሮቲናቸው አነስተኛ ነው፤ ኮባው ይሻላል። በሚያመሰኳ እንስሳ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ ከደረቅ መኖው ቢያንስ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸው ይዳከማል። ያን ጊዜ የተበላው መኖ ሳይፈጭ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ በጉም ጠግቦ ይራባል።

መድኃኒቱ ተጨማሪ መኖ ነው። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ፣ የስንዴ ፉርሽካ ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አላቸው። ለሚደልብ በግ ከሁለቱ ድብልቅ በቀን 300 ግራም ያህል ይበቃዋል። ይሁን እንጂ በአንድ ቀን ሙሉውን መስጠት ሆድ ያበላሻል፤ በጥቂቱ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማድረስ ያስፈልጋል። ሙቀቱ በሚበረታበት ቀትር በግ የመብላት ፍላጎቱ ስለሚቀንስ መኖው ጧትና ማታ ቢቀርብለት፣ ንጹሕ ውኃና አሞሌ ጨውም ባይለየው መልካም ነው።

ነገር ግን ሁለት በግ ያለው ገበሬ ለብቻው ከከተማ ፋጉሎ ገዝቶ ማጓጓዙ አያዋጣውም። በማኅበር ተሰባስቦ መግዛቱ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ሲሆን እዚያው ጓሮ ውስጥ ቆሟል። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድር ከቡናውና ከእንሰቱ በላይ ጥላ ሆኖ የሚታየው ቆርች ቅጠሉ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ምትክ በሲዳማ ፍየሎች ላይ ተሞክሯል። ቅጠሉን አጠውልጎና ከኮባ ጋር ከታትፎ ማቅረብ ይቻላል። ዛፍ ሁሉ መኖ ነው ማለት ግን አይደለም፤ አብሮት የሚበቅለው ብርብራ ፍሬው ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል መርዘኛ ስለሆነ ከበግ መራቅ አለበት።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው በየእሸት ቡና መፈልፈያው አጠገብ ተከምሮ የሚታየው ገለፈት ነው። በነፃ የሚገኝ በመሆኑ ለበግ ቢሰጥስ የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ገለፈቱ ካፌይንና ታኒን አለበት፤ ሲበዛ የበጉን የመብላት ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሽንቱን ያበዛል። እርጥቡ ክምር ደግሞ በጥቂት ቀናት ይሻግታል፤ የሻገተ መኖ ለማንም እንስሳ አይሰጥም። መስጠት የፈለገ ትኩሱን ወዲያው በፀሐይ አድርቆ፣ ከዕለት መኖው ከአሥር እጅ አንዱን ሳያሳልፍ ይስጥ። የቀረው ብስባሽ ሆኖ ወደ እንሰቱ ሥር ቢመለስ ይሻላል።

ለፋሲካ ገበያ በግ ለማድለብ ሦስት ወር ያህል ስለሚያስፈልግ ሥራው መጀመር ያለበት በጥር ነው። የማኅበራት መሪዎችም ከወረዳው ግብርና ባለሙያዎች ጋር በመሆን የትኞቹ አባላት በግ እንደሚያደልቡ አስቀድመው ቢመዘግቡ የፋጉሎው ግዢ በጊዜው ይደርሳል። ቆርች የሌለው ጓሮም ቢሆን ችግኝ ጣቢያ መጠበቅ አያሻውም፤ ዛፉ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ስለሚጸድቅ፣ ቁራጩን አዘጋጅቶ የመጋቢት ዝናብ ሲጥል በአጥሩ ዙሪያ መትከል ይበቃል።