ከደብረ ብርሃን የሚያንሰው ተራራ፦ ፀደይ በቴክሳስ ጣሪያ ላይ

በሰሜን ቴክሳስ በምትገኘው የፍሪስኮ ከተማ የፀደይ ወራት ሲገቡ የአውራ ጎዳናው ዳርቻ በሰማያዊ የሜዳ አበባ ይሸፈናል፤ ካፖርት ወደ ቁም ሣጥን ይመለሳል። በዳላስና በአካባቢው ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን መካከል የእግር ጉዞ የሚወዱት ይህን ጊዜ ጠብቀው ወደ ተራራ ለመውጣት ይነሣሉ። ፍሪስኮ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ግን ትልቅ ተራራ የሚፈልግ ሰው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ መንዳት አለበት። በዚያ የጓዳሉፔ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ በውስጡም የቴክሳስ ከፍተኛው ሥፍራ የሆነው ጓዳሉፔ ፒክ።

የተራራው ከፍታ 2,667 ሜትር ነው። ይህ አኃዝ በኢትዮጵያ ደጋ ላደገ ሰው እምብዛም አያስደንቅም። የደብረ ብርሃን ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። «እኛ ተወልደን ያደግንበት ከዚህ ይበልጣል» የሚለው ሐሳብ በቀላሉ ወደ አእምሮ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ከስሌቱ የሚወሰደው ድምዳሜ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ከፍታ ብቻውን የማይናገረው

ኢትዮጵያውያን የአየር ንብረትን በከፍታ የመለየት የቆየ ልማድ አላቸው፦ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ይህ አከፋፈል ለኢትዮጵያ በሚገባ ይሠራል። አገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በአንድ ሥፍራ በወራት መካከል ያለው አማካይ የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስለሆነም የአንድን ቦታ ከፍታ ያወቀ ሰው አየሩን ከሞላ ጎደል ያውቃል።

ከምድር ወገብ ሲርቁ ግን ይህ መለኪያ ይከዳል። ፍሪስኮ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዚህ አከፋፈል «በረሃ» ልትባል ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። ጓዳሉፔ ፒክ የሚገኘውም በ32ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ነው። በዚያ ከፍታው ከሚወስነው በላይ ወቅቱና ነፋሱ ይወስናሉ።

ነፋሱ ከየት ይመጣል?

ጄት ስትሪም የሚባለው፣ በሰማይ ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉድ የአየር ጅረት፣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በፀደይም ገና ወደ ሰሜን ተጠቃሎ አልተመለሰም። ከእርሱ ጋር የሚጓዙት ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው የአየር ሥርዓቶች በምዕራብ ቴክሳስ ላይ ሲያልፉ ብርቱ ነፋስ ያስነሣሉ። የጓዳሉፔ ተራሮች በበረሃ መካከል እንደ ግንብ የቆሙ ናቸው። በጠባብ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ እንደሚፈጥን ሁሉ፣ አየሩም በሸንተረሩ አናትና በተራሮቹ መካከል ባሉት በሮች ሲጨመቅ ይፈጥናል። በፀደይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ንውጽውጽታ በዚያ እንግዳ ነገር አይደለም።

የነፋስ ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱ ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በግምት ሲሰላ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድን አዋቂ ሰው 20 ኪሎ ግራም በሚያህል ክብደት ከጎን ይገፋዋል። ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ይህ ያንገዳግዳል፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ነፋሱ ሙቀትንም ይነጥቃል። አየሩ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በመነሻውና በአናቱ መካከል ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይኖራል። በአናቱ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከሆነ፣ ለተጋለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። በላብ የራሰ የጥጥ ልብስ የለበሰ ሰው የሰውነቱ ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ቀዝቃዛ ግንባር የሚባለው የአየር ወሰን ሲያልፍም የሙቀት መጠኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊያሽቆለቁል ይችላል።

ተራራውና ከተማው

ይህ ነፋስ ለፍሪስኮ ነዋሪም ባዕድ አይደለም። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ደረቅ አየር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከሚመጣው እርጥብ አየር ጋር ሲጋጠም፣ ድራይ ላይን የተባለ ወሰን ይፈጠራል። በፀደይ ከሰዓት በኋላ በዚህ ወሰን ላይ የሚነሡት ደመናዎች ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በሰሜን ቴክሳስ ነጎድጓድ፣ የመኪና መስታወት የሚሰብር በረዶ፣ አንዳንዴም ቶርኔዶ ያስከትላሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ የአየር ሥርዓት፣ ተራራ ላይ ያለው ሰው በደረቅ ነፋስ ሲገፋ ቤት የቀረው ቤተሰቡ መኪናውን ከበረዶ ሊያሸሽ ይችላል።

ከመነሣት በፊት

ወደ አናቱ ደርሶ መልሱ 13.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 900 ሜትር ያህል አቀበት አለው፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። በመንገዱ ላይ ውኃ አይገኝም፤ አየሩም እጅግ ደረቅ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ ውኃ መያዝ ይመከራል። በአናቱ ያለው የአየር ግፊት ከፍሪስኮው ሩብ ያህል ያንሳል። በደጋ ያደገ ሰውም ቢሆን፣ ሰውነቱ ለከፍታ ያዳበረው መላመድ በዝቅተኛ ሥፍራ ሲኖር በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ የትውልድ ስፍራውን ከፍታ መተማመኛ ማድረግ የለበትም።

የአየር ትንበያ ሲታይ የከተማው ሳይሆን የተራራው መሆን አለበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለጓዳሉፔ ተራሮች ለብቻው የነፋስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ፓርኩ ከፍሪስኮ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀር የሰዓት ቀጠና ውስጥ ስለሆነ የማስጠንቀቂያውን ሰዓት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ ነውና ከሸንተረሩ ወዲያውኑ መውረድ፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው 800 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ በማስጠንቀቂያ ምክንያት አለመውጣት ነው። በፓርኩ ውስጥ ከነፋሱ የተከለለው የማኪትሪክ ሸለቆ መንገድ ለእንዲህ ያለው ቀን አማራጭ ሊሆን ይችላል። ጓዳሉፔ ፒክን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻላል።