ተጨማሪ መረጃ፦ ጓዝ ሲሸከፍ

የድንኳን ጉዞ ጓዝ በሁለት ጥያቄ ይወሰናል፦ የት ነው የሚታደረው? ዕቃውንስ ማን ይሸከማል? መኪና ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድረስ ካደረሰ ብዙ መጨነቅ አያሻም። የስፖንጅ ፍራሹም፣ ከሰሉም፣ የቡና ረከቦቱም ይጫናል።

ሰሜን ተራሮች ግን ሌላ ነው። የግጭ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ወፍራም የመኝታ ከረጢት ግድ ነው፤ ጋቢ መደረብ ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ብዙዎች የሚዘነጉት ከሥር የሚነጠፈውን ምንጣፍ ነው፤ የሰውነት ሙቀት ወደ መሬቱም ይሸሻልና። ስንቁም ይታሰብበት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም፤ ጋዝ ይጨርሳሉ። በሶና ቆሎ ግን እሳት አይጠይቁም። ጭነቱን በቅሎ ብትሸከምም የቀኑ ውሃ፣ ሹራብና የዝናብ ልብስ ከተጓዡ ቦርሳ አይለዩ፤ በቅሎዋ በሌላ መንገድ ልትሄድ ትችላለች።

ወደ ዳናኪል ሲወረድ ስሌቱ ይገለበጣል። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የዘቀጠ ነው፤ ሌሊቱም ይሞቃል። የመኝታ ከረጢቱ በነጠላ ይተካል። በተረፈው ቦታ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይገባል፤ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢሰላ አይበዛም።