በማርስ አቧራ ውስጥ የተያዘው ብልጭታ

ከካራማራ ተራራ በስተ ምሥራቅ እስከ ቀብሪበያህ በተንጣለለው የጅግጅጋ ሜዳ፣ የበጋው ፀሐይ ምድሩን ባጋለው ጊዜ፣ አቧራ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ ሲወጣ ያላየ መንገደኛ አይገኝም፤ ይሁን እንጂ ይኸው ዐውሎ በውስጡ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያከማች የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ፣ ደቃቆቹ አብዛኛውን ጊዜ አሉታዊ፣ ታላላቆቹም አዎንታዊ ሙል ይይዛሉ፤ ነፋሱ ቀላሎቹን ወደ ላይ ስለሚያነሣቸውም ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ።

በማርስ አየሩ እጅግ ስስ በመሆኑ፣ ይህ ልዩነት ብዙ ሳይጠራቀም በጥቃቅን ብልጭታ ይፈታል። ሊቃውንት ይህን ከብዙ ዘመን አስቀድመው ቢገምቱም፣ ማስረጃው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያ ባረፈችው ተሽከርካሪ በፐርሲቨራንስ ማይክሮፎን ነው፤ በ2025 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በሁለት የማርስ ዓመታት ውስጥ 55 ብልጭታዎች ተመዝግበዋል። የሚያስደንቀው፣ መሣሪያው በዋናነት የተሠራው የተሽከርካሪዋ ሌዘር ድንጋይን ሲመታ የሚወጣውን ድምፅ ለማድመጥ እንጂ ብልጭታ ለመፈለግ አለመሆኑ ነው፤ ቢሆንም ብልጭታው በሽቦዎቹ ላይ የፈጠረውን ቅጽበታዊ ሁከት፣ አልፎ አልፎም ተከትሎት የመጣውን ትንሽ ድምፅ (ነጎድጓድ ልበለው ይሆን?) ያዘ።

በጁፒተር ግን መብረቁ እንደ እኛው ከውሃ ደመና የሚወለድ ሲሆን፣ የጠፈር መንኰራኵሯ ቮዬጀር 1 በ1979 ብርሃኑን በሌሊቱ ገጽ አይታ የራዲዮ ሞገዱንም ሰምታለች፤ ሶማሌዎች ካራን በሚሉት የክረምት ዝናብ ዋዜማ የጅግጅጋ ሰው ራዲዮኑ ሲንጫጫ እንደሚሰማው ማለት ነው። የቬኑስ ነገር ገና ያከራክራል፤ የሶቪየት መንኰራኵሮች ቬኔራ 11 እና ቬኔራ 12 በ1978 የመብረቅ የሚመስል የራዲዮ ምልክት ቢመዘግቡም፣ መንኰራኵሯ ካሲኒ በ1998 እና በ1999 በአጠገቧ ስታልፍ የዚያ ዓይነት ምልክት አላገኘችም።