የገና ማሕሌት እንዴት ይዘጋጃል?

የገናን ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ያሳለፈ ሰው ሁሉ ከበሮው ሲመታና ጸናጽሉ ሲንሿሿ ሰምቷል፤ ለዚያ ሌሊት የተደረገውን ዝግጅት ያየው ግን ጥቂቱ ነው። ከእኛ ከተማሪዎችም መካከል ማሕሌትን ሊቃውንቱ እንደ መጣላቸው የሚያሰሙት ጨዋታ አድርገን የምንገምት አንጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስቱ ሳምንታት በየተራቸው ስብከት፥ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ፤ የየእሑዱም መዝሙር የተለየ ነው። ስለዚህ መሪጌታው የሚዘጋጀው ለታኅሣሥ 29 ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ለሚያደርሰው መንገድ ሁሉ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች ልደት በ28 ይውላል፤ ይህን ሳይቆጥር የተዘናጋ ዘማሪ ጉዱ ይፈላል!

መዝሙሩ የሚወጣው ከድጓ ነው። ድጓን በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው ይነገራል፤ ዜማውም ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ከቃሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፤ ድፋት፥ ቅናት፥ ጭረት፥ ርክርክና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። ይሁን እንጂ ምልክቱ አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ ያላጠናውን አያስተምረውም። ስለሆነም እውነተኛው ዝግጅት በታኅሣሥ የሚጀመር ሳይሆን ድጓ በሚመሰከርባት በጋይንቷ ቤተልሔም፥ በአቋቋም በታወቀችው በጎንደር በዓታና በሌሎቹም ጉባኤ ቤቶች፥ በመምህር እግር ሥር ዓመታት የሚፈጅ ነው። ተማሪው እስኪያበቃ ድረስ የሚኖረው በቁራሽ እንጀራ መሆኑን ልብ እንበል።

በበዓሉ ሌሊት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተከፍለው ይቆማሉ። አንዱን ቃል መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይሉታል፤ ይህም ቁም ዜማ ነው። ቀጥሎ መቋሚያ ይዘው ይዘምሙታል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ በመረግድ በዝግታ ይሄዳል፤ በኋላም በጽፋት ይፈጥናል፥ ጭብጨባም ይታከልበታል። ከበሮ መቺው አንዲት ምት ቢያስቀድም ሁለቱም ወገን ይናወጣል።

በላሊበላ ቤተ ማርያም ይኸው ሥርዐት ከፍታና ዝቅታ ይጨመርበታል። ከዐለቱ ጠርዝ ላይ የሚቆሙት የመላእክት፥ ከታች ከግቢው የሚቆሙት የእረኞች ምሳሌ ሆነው ቤዛ ኵሉን ይቀባበሉታል። የታችኛው ድምፅ እስኪወጣ ጠብቆ በጊዜው መመለስ፥ ሕዝቡም በዚያ ሁሉ ተጨናንቆ ሳለ፥ በአንድ ቀን ልምምድ የሚገኝ ችሎታ አይደለም።

ዛሬ በከተማ አጥቢያዎች የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ወረቡን በስልክ ከተቀዳ ድምፅ ሲያጠኑ እናያለን። ይህን አንነቅፍም፤ ቀን ትምህርትና ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ስልክ አያርምም። ርክርኩን ያጎደለውን ልጅ «ተመለስ፥ እንደ ገና በል» የሚለው መሪጌታው ነው፤ መሪጌታም የሚወጣው ከዚያው ከጉባኤ ቤት ነው። የጉባኤ ቤቱ ምድጃ ከጠፋ በስልኩ ውስጥ የሚቀረው አንድ ጊዜ የተቀዳው ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ያ ድምፅ ቢሳሳት የሚያውቅበት አይኖርም። በመጪው ታኅሣሥ ከቤተ መጻሕፍት ስንወጣ አንድ ማታ ወደ አጥቢያችን የጥናት አዳራሽ ጎራ ብንል እርማቱ እንዴት እንደሚካሄድ በጆሯችን እንሰማለን።